ኦርጅናል ፒስተንና ቢየላ ስንት ባር ቱርቦ ይችላል? (1ኤችዜድ ላንድክሩዘር፣ አዳማ)

ፒካፕ_79 (አዳማ)

ሰላም ለሁላችሁም። ላንድክሩዘር ፒካፕ አለችኝ። ሞተሯ 1ኤችዜድ ነው፣ 4.2 ሊትር ናፍጣ፣ አየር አምቆ የሚያስገባ ቱርቦ የሌለው። ሥራዬ እህልና የእርሻ ዕቃ ማመላለስ ነው። ከአዳማ ወደ ኢተያና አሰላ እወጣለሁ። አንዳንዴ ደግሞ በአዋሽ በኩል ወደ ጅቡቲ መስመር እወርዳለሁ። ጭነት ይዛ የአሰላን ዳገት ስትጀምር ትደክማለች። ማርሽ ቀንሼ፣ ጥቁር ጭስ እያስተፋኋት ነው የምወጣው።

አንድ ጋራዥ ቱርቦ እንግጠምልህ ብሎኛል። ሞተሩ ሳይወርድ፣ ባለው ፒስተንና ባለው ቢየላ (ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ)፣ 1 ባር የአየር ግፊት እንሰጣታለን ነው የሚሉት። መኪናዋ ዘይት አትበላም። የዘይት መክደኛው ሲከፈት አታጨስም። ጠዋት ወዲያው ትነሳለች። የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት በ2016 ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለንን መኪና እንደ ዓይን ብሌን መጠበቅ ግድ ሆኗል። ይህችን ሞተር ማጣት አልችልም። ጥያቄዬ ይኸው ነው፤ ኦርጅናል የውስጥ ዕቃ ስንት ባር በሰላም ይችላል?

ናፍጣ_ብቻ (ሞጆ)

1 ባር ምንም አይላትም። የማውቀው ሰው 1 ባር አድርጎ እየሠራበት ነው፣ ጉልበቷ ሌላ ሆኗል። 1ኤችዜድ ጠንካራ ሞተር ነው፣ አትፍራ።

ጋሽ_ቴስታታ (አዳማ)

ልጄ፣ በመጀመሪያ ሞተርህን እወቀው። 1ኤችዜድ ሲሠራ ቱርቦ ታስቦለት አይደለም። ናፍጣው በቀጥታ ፒስተኑ ላይ አይረጭም፤ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ይቀጣጠልና ነው ወደ ሲሊንደሩ የሚወጣው። ኮምፕሬሽኑም (አየሩን የሚያምቅበት መጠን) 22 ለ1 ያልፋል። ወንድሙ 1ኤችዲቲ ከፋብሪካው ከነቱርቦው ነው የወጣው። እሱ 18.6 ለ1 ነው፣ በቀጥታ የሚረጭ ነው፣ ፒስተኑም ሌላ ነው። መልካቸው ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው አንድ ያደርጋቸዋል። ‘ላንድክሩዘር 4.2 ይህን ያህል ባር ይችላል’ የሚል ወሬ ስትሰማ መጀመሪያ የትኛው እንደሆነ ጠይቅ።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልምጣ። ውስጡ ሳይነካ 1ኤችዜድ ላይ ቱርቦ የሚገጥሙ ጠንቃቃ ሰዎች ከ0.5 እስከ 0.7 ባር ባለው ውስጥ ነው የሚቆሙት። እኔ ለጭነት መኪና 0.5 ነው የምለው። 1 ባር ለዚህ ሞተር ብዙ ነው።

ግን ስማኝ፣ ናፍጣ ሞተርን የሚገድለው ባሩ ብቻውን አይደለም። የሚገድለው ሙቀት ነው። ሙቀቱን የሚያመጣው ደግሞ አየሩ ሳይሆን ናፍጣው ነው። ናፍጣ ሞተር ላይ አየር ስትጨምር ቃጠሎው ይቀዘቅዛል፤ ናፍጣ ስትጨምር ይግላል። ዳገት ላይ የምታየው ጥቁር ጭስ አየር ያጣ ናፍጣ ነው። የናፍጣ ፖምፓውን ሳትነካ 0.5 ባር ብትሰጣት ጭሱ ይጠፋል፣ የጭሱም ሙቀት ይወርዳል፣ ጉልበትም ትንሽ ታገኛለህ። አደጋው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ቱርቦው ተገጥሞ ‘ብዙም አልጎተተም’ ሲባል ይመጡና የፖምፓዋን ቡሎን ይከፍቷታል። ያን ጊዜ መኪናዋ ትበራለች። ባለቤቱም ደስ ብሎት ከፍሎ ይሄዳል። ከወራት በኋላ ቴስታታው በቫልቮቹ መካከል ተሰንጥቆ፣ ወይም የፒስተኑ የፋሻ (የፒስተን ቀለበት) መቀመጫ ተሰብሮ ይመጣል። እኔ ጋ የሚመጡት እንዲህ ያሉት ናቸው። ቢየላ ተጣምሞ የመጣ 1ኤችዜድ ግን አላጋጠመኝም።

ስለዚህ ቱርቦ ከመግዛትህ በፊት የጭስ ሙቀት የሚያሳይ ጌጅ ግዛ። መለኪያዋ ከቱርቦው በፊት፣ ጭሱ ከሞተሩ በሚወጣበት ማኒፎልድ ላይ ትገባለች። ረጅም ዳገት ላይ 650 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ከቆየ ሰላም ነው። ለአጭር ጊዜ 700 ብትነካ እግርህን አንሳ። ከዚያ በላይ መቀመጥ የለም። ፒስተኑ አሉሚኒየም ነው። ንጹሕ አሉሚኒየም 660 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ ከመቅለጡ ከረጅም ጊዜ በፊት ደግሞ ይለሰልሳል። ፒስተኑ የማይቀልጠው ዘይቱና ፋሻው ሙቀቱን ስለሚያወጡለት ነው። እነሱ ከሚችሉት በላይ ከጫንካቸው የሚያድንህ ነገር የለም።

ያሪስ_ሐይቅ_ዳር (ሐዋሳ)

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ይቅርታ፣ ክሩን ላላበላሽ፤ ግን ጥያቄው የእኔም ስለሆነ ነው። እኔ ያሪስ ነው የምነዳው፣ 1.5 ቤንዚን፣ ሞተሯ 1ኤንዜድ። ያገለገለ ትንሽ ቱርቦ አግኝቻለሁ። ኮምፒውተሩን የሚያስተካክል ልጅም አለ። ውስጡን ሳልነካ 0.7 ባር ብሰጣትስ? አየር ሲጨመር ይቀዘቅዛል ካልክ እኔም አየር ብጨምር አይሻልም?

መምህር_ቴርሞ (አዳማ)

ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ተጠንቀቅ። ጋሼ የተናገሩት ለናፍጣ ነው። ቤንዚን ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ቤንዚን ሞተር አየር በዝቶ ቤንዚን ሲያንሰው፣ በተለይ በሙሉ ጭነት ላይ፣ ወደ አደጋ ይጠጋል። ቱርቦ በነዳህ ጊዜ ቤንዚኑም ከአየሩ ጋር መጨመር አለበት፤ እንዲያውም ትንሽ ይበልጥ መብዛት አለበት። ኦርጅናል ኢንጀክተርህና የታንከር ፓምፕህ ያንን ማድረስ ካልቻሉ ስለ ፒስተን ጥንካሬ መነጋገራችን ትርጉም የለውም።

1ኤንዜድ ኮምፕሬሽኑ 10.5 ለ1 ነው። ከፋብሪካ ቱርቦ ይዘው የሚመጡ የድሮ ቤንዚን ሞተሮች ብዙዎቹ 8.5 ወይም 9 ለ1 አካባቢ ነበሩ። ስሙ የገነነው የቶዮታ ቱርቦ ሞተር 2ጄዜድ ጂቲኢ 8.5 ለ1 ነው፤ የፒስተኑን ሆድ የሚያቀዘቅዝ የዘይት መርጫም ከሥር አለው። የእሱን ታሪክ ሰምተን ያሪስ ላይ መገልበጥ አንችልም። የ1ኤንዜድ ቢየላ ቀጭን ነው፤ ለነዳጅ ቁጠባ የተሠራ ቀላል ሞተር ነው።

ቤንዚን ሞተርን የሚገድለው ማንኳኳት ነው። ሻማው ያቀጣጠለው እሳት ሳይደርስበት፣ ዳር ላይ የቀረው ድብልቅ በራሱ ሲፈነዳ ማለት ነው። ግፊቱ በቅጽበት ይዘልላል። ፒስተኑ ላይ በመጀመሪያ የሚሰበረው በላይኛውና በሁለተኛው ፋሻ መካከል ያለችው ቀጭን አካል ናት። ይህ እንዲሆን ግፊቱ የግድ 1 ባር መድረስ የለበትም። 0.4 ባር ላይ በማንኳኳት የሚሰበር ፒስተን አለ፤ በደንብ የተስተካከለና የማያንኳኳ ሞተር ደግሞ ከዚያ በላይ ይዞ ለዓመታት ይሄዳል። እኛ ጋ ማደያ ገብተህ ከፍ ያለ ኦክቴን አምጣልኝ አትልም። ያለው አንድ ዓይነት ቤንዚን ነው። ስለዚህ ገደባችንን የሚወስነው ከፒስተኑ በፊት ቤንዚኑ ነው።

ሁለተኛው ነገር ፋሻው ነው። ፋሻ ሲሞቅ ይረዝማል። ጫፎቹ መካከል የተተወው ክፍተት ለዚህ ነው። ለ75 ሚሊ ሜትር ሲሊንደር፣ ቱርቦ ለሌለው ሞተር 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይበቃል። ቱርቦ ሲጨመር ወደ 0.4 ይፈለጋል። ክፍተቱ ካነሰ ሁለቱ ጫፎች ይነካካሉ፣ ፋሻው የሚሄድበት ያጣል፣ የፒስተኑን መቀመጫ ይዞ ይሰብራል። ‘ፒስተኑ ደካማ ነው’ የሚባለው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ቢየላን በተመለከተ ሁለት ኃይሎችን ለይ። ቱርቦው ቢየላውን ወደ ታች ይጫነዋል። የሞተሩ ፍጥነት ደግሞ ይጎትተዋል። መጎተቱ በፍጥነቱ ስኩዌር ነው የሚያድገው፤ ከ6000 ዙር ወደ 7000 ብትሄድ 36 በመቶ ይጨምራል። መጫኑ ግን የሚከፋው ዝቅ ባለ ዙር ሙሉ ግፊት ሲመጣ ነው። ትንሽ ቱርቦ በ2500 ዙር ሙሉ ግፊት ሰጥቶ በከፍተኛ ማርሽ ዳገት ስትረግጥ ቢየላ የሚጣመመው ያኔ ነው። ስለዚህ ‘ስንት የፈረስ ጉልበት ይችላል’ ከማለት ‘ስንት ቶርክ (የመጠምዘዝ ኃይል)፣ በስንት ዙር’ ማለት ይሻላል።

ለአንተ የምለው ይህን ነው። ውስጡ ሳይነካ 0.4 ባር፣ ከኢንተርኩለር (ቱርቦው ያጋለውን አየር የሚያቀዘቅዝ) ጋር፣ የማቀጣጠያው ጊዜ ወደ ኋላ ተጎትቶ፣ የአየርና የቤንዚን ልኬቱን በሚያሳይ ሴንሰር እየታየ። 0.7 ከፈለግክ ፒስተንና ቢየላ ቀይር።

ፒካፕ_79 (አዳማ)

ጋሼ፣ መምህር፣ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ግን ግራ ገብቶኛል። ጋራዡ 1 ባር ያለኝ ‘እኛ ከፍታ ላይ ስለሆንን አየሩ ስስ ነው፤ ውጭ አገር 0.6 የሚሉት እዚህ 1 ባር ማለት ነው’ ብሎ ነው። እውነት አለው?

መምህር_ቴርሞ (አዳማ)

ግማሹ እውነት ነው፣ አደገኛውም እሱ ነው። ቁጥሩን አብረን እንየው።

አዳማም ሐዋሳም 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት 0.82 ባር አካባቢ ነው። በባሕር ጠለል 1.01 ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ወደ 18 በመቶ የሚሆን አየር ተነጥቆ ነው የሚሠራው። የአንተ 1ኤችዜድ ዳገት ላይ የሚያጨሰውም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ አሰላ ስትደርስ ደግሞ ይብሳል።

የቡስት ጌጅ (የቱርቦ ግፊት መለኪያ) የሚያሳይህ ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ነው። አዳማ ላይ 0.5 ካሳየ ሞተሩ የሚቀበለው በድምሩ 1.32 ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ ያው 0.5 ሲያሳይ ድምሩ 1.51 ይሆናል። እዚያ ያለውን 1.51 አዳማ ላይ ለማግኘት 0.7 ያህል ያስፈልግሃል። እስከዚህ ድረስ ጋራዡ በጥቂቱ ልክ ነው። 0.6 ግን 0.8 ያህል ነው የሚሆነው እንጂ 1 ባር አይሆንም።

ሁለት ነገር ግን ረስተዋል። አንደኛ፣ ስስ አየርን ለማመቅ ቱርቦው ይበልጥ መሽከርከር አለበት፣ የሚወጣውም አየር ይግላል። ውጭው 30 ዲግሪ ቢሆን፣ ደህና ቱርቦ 1 ባር ለመስጠት በባሕር ጠለል አየሩን ወደ 125 ዲግሪ ያደርሰዋል። አዳማ ላይ ለዚያው 1 ባር ወደ 140 ይደርሳል። ኢንተርኩለር ከሌለህ ይህን ነው ሞተሩ የሚውጠው።

ሁለተኛው ይበልጣል። የዋስትጌቱ (የቱርቦውን ግፊት የሚገድበው በር) ስፕሪንግ ከፍታ አያውቅም። እሱ የሚከፈተው ከአካባቢው አየር በላይ ባለው ግፊት ነው። አዳማ ላይ 1 ባር ብለህ ካስተካከልከው ጅቡቲም 1 ባር ይሰጣል። ያኔ ድምሩ ከ1.8 ወደ 2 ይወጣል። ኮምፕሬሽኑ 22 በሆነ ሞተር ላይ ይህ በቀጥታ ወደ ቴስታታው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) እና ወደ ቴስታታው ቡሎኖች ነው የሚሄደው። ከአዳማ ሳይወጣ የሚኖር መኪና ቢሆን ሌላ ነገር ነበር። አንተ ግን ቁልቁል ትወርዳለህ። ማስተካከል ያለብህ ለምትደርስበት ዝቅተኛ ቦታ ነው።

የጅቡቲ_መስመር (አዳማ)

ወንድሞቼ፣ እኔ የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ። የተባለውን አከብራለሁ። ግን በጋሼ ላይ አንድ ነገር እጨምራለሁ፣ በአንድ ነገር ደግሞ አልስማማም። ዳገቱ ላይ 700 ብትነካ እግርህን አንሳ ብለዋል። አሰላ ዳገት ላይ ይሠራል፣ አየሩ ቀዝቃዛ ነው። አዋሽን አልፎ አፋር ላይ በቀትር ስትጫን ግን የራዲያተሩ ውኃ ከጭሱ ሙቀት ቀድሞ ነው የሚፈላብህ። ስለዚህ እኔ ለዚያ መስመር 700 አልልም። 600 ላይ ማርሽ ቀንስ። ጉልበት የሚያስፈልግህ እዚያ አይደለም።

ዳገት ጨርሰህ ሻይ ለመጠጣት ስትቆም ሞተሩን ወዲያው አታጥፋ። ቆሞ ትንሽ ይሥራ። ቱርቦው እሳት ሆኖ ዘይቱ ሲቆምበት ዘይቱ ውስጡ ይነዳል፣ ከሰል ይሆናል። ከዚያ ቱርቦው ራሱ ይሞታል፣ የተሰበረው ቁራጭም ወደ ሞተሩ ይሄዳል።

ጋሽ_ቴስታታ (አዳማ)

ሹፌሩ ያልከው ልክ ነው። ለቆላው 600 እቀበላለሁ። የውኃ ሙቀት ጌጅም መጨመር አለበት፤ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ሞተሩ ከፈላ በኋላ ነው የሚነቃው። ራዲያተሩን ሳታሳጥብ፣ ቴርሞስታቱን ሳታይ ቱርቦ አትግጠም። አንዳንዱ ቴርሞስታት አውጥቶ ይጥላል፤ ያ ደግሞ ሌላ በሽታ ነው።

አቧራውንም አትርሱ። እኛ ጋ ነፋሱ አቧራ እየያዘ ነው የሚነሳው። ከአየር ማጣሪያው እስከ ቱርቦው ባለው ጎማ ላይ ስንጥቅ ካለች ቱርቦው አቧራውን ስቦ ፋሻና ካና (የሲሊንደሩን ግድግዳ) ይፈጫል። ባሩ 0.3 ቢሆንም ሞተሩ ያልቃል።

ዲፎርዲ_ሐዋሳ (ሐዋሳ)

እኔ ሃይሉክስ ዲፎርዲ አለኝ፣ 3.0 ናፍጣ፣ ሞተሩ 1ኬዲ። ከፋብሪካ ቱርቦ ያለው ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ጉልበት እንጨምርልህ የሚሉ መጥተዋል። ፒስተኑ ለቱርቦ የተሠራ ስለሆነ ችግር የለውም ይላሉ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ጋሽ_ቴስታታ (አዳማ)

የ1ኬዲ ፒስተን መሰንጠቁ በዓለም ዙሪያ የታወቀ ነው፣ አዲስ ነገር አይደለም። ብዙ ጊዜ መነሻው ኢንጀክተሩ ነው። አንድ ኢንጀክተር ከልኩ በላይ ሲያፈስ ያ አንድ ሲሊንደር ብቻውን ይጋላል። የአራቱ ድምር ጤነኛ ስለሚመስል የጭስ ሙቀት ጌጁም ላይነግርህ ይችላል። አሁን በዚህ ላይ ናፍጣ የሚጨምር ፕሮግራም ብትጭንበት የታመመውን ሲሊንደር ነው የምትጨርሰው።

ስለዚህ መጀመሪያ አራቱንም ኢንጀክተር አስፈትሽ፤ የሚመልሱት ናፍጣ ይለካ። ጠዋት በብርድ ጊዜ ሲነሳ ቀጭን ነጭ ጭስ ወይም የማንኳኳት ድምፅ ካለ ፕሮግራም የሚባል ነገር አታስብ። በዚህ ሞተር ላይ ‘ለቱርቦ የተሠራ ነው’ ማለት ‘ትርፍ አለው’ ማለት አይደለም። ፋብሪካው ትርፉን ተጠቅሞበታል።

ናፍጣ_ብቻ (ሞጆ)

ያ 1 ባር ያልኳችሁን ሰው ደወልኩለት። ከደብረ ዘይት አይወጣም፣ ጭነትም አይጭንም አለኝ። የጭስ ሙቀት ጌጅም የለውም። የጋሼን ጽሑፍ ልኬለታለሁ፣ ያስገጥማል።

ፒካፕ_79 (አዳማ)

እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እንግዲህ ወስኛለሁ። 0.5 ባር፣ ፖምፓዋ ሳትነካ። መጀመሪያ ራዲያተር፣ የአየር ጎማዎቹ፣ የጭስ ሙቀትና የውኃ ጌጅ። ጋራዡን አነጋገርኳቸው፣ 0.5 ስፕሪንግ እናመጣለን አሉ። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ዘይቱን በስንት ኪሎ ሜትር ልቀይር? መለኪያዋን ለማስገባት ማኒፎልዱን መኪናው ላይ እንዳለ እንበሳለን እያሉኝ ነው፤ ልፍቀድ?

ጋሽ_ቴስታታ (አዳማ)

ዘይቱን በ5,000፣ ጭነትና ቆላ ከበዛ በ4,000። ማጣሪያውም አብሮ ይቀየር።

ማኒፎልዱን መኪናው ላይ አታስበሳ። ይውረድ። ብረቱ ሲበሳ የሚወድቀው ፍቅፋቂ ተከትሎ ወደ ቱርቦው ነው የሚሄደው፣ ምላጮቹንም ይበላል። ማኒፎልዱ ተነቅሎ፣ ተበስቶ፣ በአየር ተነፍቶ፣ በአዲስ ጓርኒሲዮን ይመለስ። መለኪያዋም ሁሉም ሲሊንደሮች የሚገናኙበት፣ ለቱርቦው ቅርብ የሆነው ቦታ ላይ ትሁን፤ አንዱ ጫፍ ላይ ካደረጓት የሁለት ሲሊንደር ሙቀት ብቻ ነው የምታነበው።

ፒካፕ_79 (አዳማ)

ገባኝ ጋሼ። ይወርዳል። መጀመሪያ ግን ከነባሩ ሞተር ጋር ጌጁን አስገጥሜ አሰላ እወጣለሁ፣ ያለ ቱርቦ ስንት እንደሚያነብ እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።

የጅቡቲ_መስመር (አዳማ)

ከነጭነቱ ውጣ፣ ባዶ መኪና አትለካ። ኢተያን ስታልፍ ያለውን ቁጥር ጻፍልን።